አረቄ ጠጪዋ ምድጃ

ባሌ እንዳላማው የላሞች ሚዜ ነው። እንዲህ የሚሉት የደብረ ማርቆስ ጓደኞቹ ናቸው፤ መታወቂያው ላይ ግን «አዳቃይ ቴክኒሻን» ይላል። ገጠር ውስጥ የአንዱ ገበሬ ላም ኮርማ ስትፈልግ ስልክ ይደወልለታል፤ እሱም የምርጥ ኮርማ ዘር በቅዝቃዜ የተቀመጠበትን ታንክ ሞተሩ ላይ አስሮ ይገሰግሳል። ላም ደግሞ ቀጠሮ አታከብርም። ዛሬ ጠዋት የፈለገችውን ነገ ጠዋት ረስታው ትገኛለች። ስለዚህ ባሌ ዝናብ አይል፣ ጭቃ አይል፣ በዓል አይል፣ ይሄዳል። ገበሬዎቹ «ዶክተር» ይሉታል። ዶክተር አይደለሁም ብሎ አርሟቸው ያውቅ እንደሆነ አንድ ቀን ጠየቅሁት። «አክብረው የጠሩኝን ሰዎች ምን ብዬ ላሳፍር?» አለኝ። እንግዲህ ሰውየውን ከዚችው እወቁት።

እኔ የኔአለም እባላለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የሰፈራችን ተማሪ ሁሉ ዩኒፎርም በእኔ የስፌት መኪና ያለፈ ነው። አፈኛ ናት ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ደንበኛ መጥታ ቀሚሱ ጠበበኝ ብትለኝ «ቀሚሱስ አልጠበበም፣ አንቺ ነሽ የሰፋሽ» ብዬ እሸኛታለሁ። ባሌ ግን ሰው እግሩን ረግጦት እሱ ይቅርታ የሚጠይቅ ዓይነት ነው። ሐኪም ቤት በሽታውን «የጨጓራ ቁስለት» አሉት። እኔ ስሙን ከእነሱ በፊት አውቀው ነበር። ይሉኝታ ነው።

አስቡት እስቲ። ላሚቱን ጨርሶ እጁን ሲታጠብ የቤቱ ባለቤት «ግባ እንጂ ዶክተር» ይላል። ይገባል። በርበሬው ዓይን የሚያስለቅስ ወጥ ይቀርባል። ይበላል። ከዚያ አረቄ ይመጣል፤ አንዷን መለኪያ ሲጨርስ «አንድ ያጣላል» ይሉታል፤ ሁለተኛዋን ይጠጣል። ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳል፤ እዚያም ላም አለ፣ እዚያም ወጥ አለ፣ እዚያም አንድ ያጣላል። አረቄ አይወድም እኮ። ቤታችን ውስጥ በዓል ሲሆን እንኳ አይነካውም። የሚጠጣው ሰው እንዳይቀየም ብቻ ነው። ስንቱን ዓመት እንዲህ ኖረ።

ባለፈው ዓመት፣ ፋሲካ ባለፈ ሰሞን፣ ከመንገድ ሲመለስ ሱቄ በር ላይ ሞተሩን አቆመ። «የኔዬ፣ ትንሽ ልቀመጥ» አለ። ፊቱ አመድ መስሏል። ሳይቀመጥ ወደቀ፤ የቡና አተላ የመሰለ ደም አስመለሰው። በባጃጅ ሐኪም ቤት አደረስነው። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ግን ነገሩን ሳያለባብስ ተናገረ። «በርበሬ ተው። ባዶ ሆድህን አትዋል፣ በየመሀሉ ለስላሳና ሙቅ ነገር ያዝ። አረቄን ግን እርም በል። አንዲት መለኪያ ቁስሉን ለመክፈት ትበቃለች፤ ዳግመኛ ከደማህ ደግሞ እዚህ ላትደርስ ትችላለህ» አለው። እኔ አጠገቡ ቆሜ እያንዳንዷን ቃል ሰማሁ። ባሌ ራሱን ነቀነቀ፤ ሐኪሙን እንዳያስቀይም።

ከዚያ መንገዱን ትቶ ቢሮ ተቀመጠ። የሌላ ሰው ሪፖርት ይሞላል፣ ማኅተም ያስመታል፣ በሰዓቱ ቤት ገብቶ የሠራሁለትን አጥሚት ይጠጣል። ሆዱ ተሻለው፣ ፊቱ ግን ጠፋ። ከሥራ መልስ ግቢ ውስጥ የቆመችውን ሞተር ይወለውላል። የትም ያልሄደች ሞተር ምን አቧራ ይኖራታል? ስልኩ ሲጮህ ያነሳል፤ «ዶክተር፣ ላሜ» ሲሉት «ሌላ ሰው ይመጣልዎታል» ይላል፤ ከዚያ ስልኩን እጁ ላይ እንደያዘ ይቀራል። አንድ ቀን መኪናዬ አጠገብ ቁጭ ብሎ ክር እያጠነጠነልኝ «ጥጃ ሲወለድ እኮ ስልኩን ጥጃው አፍ ላይ አድርገው ድምፁን ያሰሙኝ ነበር» አለኝ። አንጀቴን በላው። እኔ ባሌን በሕይወት ነው የምፈልገው፤ ግን እንዲህ ሆኖ አይደለም።

«በቃ መንገድህን ትሄዳለህ» አልኩት። «ነገር ግን አጥሚትህን ይዘህ፣ ማሞቂያህንም ይዘህ ነው።»

አጥሚቱ የእንግዶ ነው። እንግዶ ገብስ የሚመስል የደጋ እህል ነው፤ ለቆሰለ ሆድ ቅቤ ማለት ነው። መጀመሪያ በፔርሙስ ላኩለት። የፔርሙስ ሆድ ብርጭቆ ነው፣ መንገዳችን ደግሞ ኮረኮንች ነው፤ አጥሚቱ ከስብርባሪ ጋር ተቀላቅሎ ተመለሰ። ሌላ ገዛሁ፣ እሱም ተሰበረ። «ታዲያ የገባህበት ቤት እሳት አይጠፋ፣ አሙቁልኝ በላቸው» ስለው ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። «ሰው ቤት ገብቼ ሆዴን ያመኛል ካልኩ ምግባችሁ አይበላም ማለቴ ነው እኮ» አለ። እዚህ ላይ ከእሱ ጋር መከራከር ከድንጋይ ጋር መከራከር ነው። ስለዚህ ሞተር ላይ የምትታሰር፣ ትንሽ፣ ቶሎ የምትነድ ምድጃ ፍለጋ ገባን።

ልጃችን ሂዊ አዲስ አበባ ነው የምትሠራው። ጉዳዩን ስነግራት ተራራ የሚወጡ ወጣቶች የሚይዙትን ምድጃ ገዝታ ላከችልን። ቆንጆ ነገር ናት፤ እግሮቿ ይታጠፋሉ፣ መዳፍ ላይ ትቀመጣለች፣ ከሥሯ ጋዝ የታመቀበት ቆርቆሮ ይገጠምላታል። አቡነ ዘበሰማያት ደግመሽ ሳትጨርሺ ውሃ ታፈላለች። እንዳላማው ልክ እንደ ልጅ ግቢ ውስጥ እያበራ እያጠፋ ዋለ። በማግስቱ ታንኩን አስሮ፣ ምድጃዋን ቦርሳው ውስጥ ከቶ፣ እየዘፈነ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ሆዱን ይዞ ተመለሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያዋን ላም ጨርሶ፣ «እቸኩላለሁ» ብሎ አመለጠና ከመንደሩ ወጣ ብሎ ባሕር ዛፍ ሥር ቆመ። ምድጃዋን ዘርግቶ አጥሚቱን ጣደ። ገና እንፋሎት ሳያወጣ አንዲት ሴት ነጠላዋን እያጣፋች ከአጥር ወጣች። «ምን በደልንህ ዶክተር?» አለችው። «ቤት እያለን፣ በደጃችን፣ እንደ ባዳ ሜዳ ላይ እሳት ታነድዳለህ? ሰው ቢያየን ምን ይለናል?» እሱም ይቅርታ ጠየቃት፣ ምድጃዋን አጠፋ፣ ተከትሏት ገባ። ምን እንደበላ አልነገረኝም። ልነግርሽ አልፈልግም ያለኝን ነገር ሁሉ ከፊቱ አነበዋለሁ፤ ቀይ ወጥ ነው።

ደግሞም የጋዙ ቆርቆሮ ሲያልቅ ምትኩ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጠፋ። ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። አንዱ ባለሱቅ የቤት ሲሊንደር እያሳየኝ «ይሄ አለ፤ ግን ሞተሩ ላይ ይሄን ከጫንሽ ባልሽ በእግሩ ነው የሚሄደው» ብሎ አላገጠብኝ። የሚገባውን ነግሬው ወጣሁ።

ከዚያ ባለ ክር የላምባ ምድጃ ሞከርን። ላምባው መንገድ ላይ እየተንጠባጠበ ቦርሳውን አራሰው። ማታ «አጥሚቱ እንዴት ነበር?» ስለው «ደህና ነው» አለ። ሦስት ቀን ሙሉ «ደህና ነው» አለ። በአራተኛው ቀን የተረፈውን ቀምሼ ተፋሁት፤ ላምባ ላምባ ይላል። «አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ነው እንዴ ስትጠጣ የሰነበትከው?» ስለው «ደክመሽ ሠርተሽው» አለኝ። እንግዲህ በእኔም ላይ ይሉኝታ ይይዘዋል ማለት ነው፤ ልቆጣው ጀምሬ አቀፍኩት።

ቀጥሎ አንድ ብየዳ ቤት ከሞተሩ በሚቀዳ ቤንዚን የሚነድ ምድጃ ሠራለት። ነዳጁ ሁሌም አብሮት ነው፣ ይሄስ ብልሃት ነው ብለን ተደስተን ነበር። ባሌ ቅንድቡን ይዞ ሄደ፣ ሳይዝ መጣ። ያንን ቀን ከመሳቅና ከማልቀስ የቱን እንደምመርጥ አላወቅሁም ነበር። ምድጃውን አንስቼ ቆሻሻ ላይ ጣልኩት።

ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ ሰው ለመንገድ ምድጃ ሲመርጥ የሚጠይቀው ክብደቷን፣ የምትፈጀውን ነዳጅና ንፋስ መቋቋሟን ይመስለኛል። ለእኛ ሰውዬ ግን እነዚህ ሁሉ ቢሟሉም ምድጃዋ አታድነውም። ሜዳ ላይ ካነደዳት ሰው ይቀየማል። ቤት ይዟት ከገባም የሰውን ምግብ ናቀ ይባላል። እሱ የሚያስፈልገው ይሉኝታውን የማትነካ ምድጃ ናት፤ እንዲህ ያለችዋን ደግሞ ማንም ፋብሪካ አይሠራም።

ጎረቤቴ ደስታነሽ አረቄ አውጥታ ነው ልጆቿን ያሳደገችው። አንድ ጠዋት ቀሚስ ልለካት ቤቷ ገብቼ ገዢ መጣባት። ገዢው ጠርጣራ ነው፤ «ጎበዝ ነው?» ይላል። ደስታነሽ የቆርቆሮ ክዳን ላይ ጠብ አደረገችና ክብሪት ጫረች። ሰማያዊ ነበልባል ክዳኑን ሞላው። «የማይነድ አረቄ ውሃ ነው» አለችው፤ ሰውየው ጀሪካኑን አቀረበ። እኔ ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ያንን ነበልባል አየሁት። ባሌን ሊገድለው የሚዞረው ነገር ይኸውና እየነደደ ነው። በየቤቱ፣ ሳይለምነው፣ በግድ የሚሰጡት ነገር።

«ደስታነሽ፣ ይሄ አጥሚት ያሞቃል?» አልኳት።

«አብደሻል?» አለችኝ። ከዚያ ሁለታችንም ቀሚሱን ረሳነው።

የቱና ቆርቆሮ ውስጥ ጥጥ ጎዘጎዝን። እሱን ከቲማቲም ድልህ ጣሳ ውስጥ አስቀመጥን፤ ጣሳውን አየር እንዲያገኝ ዙሪያውን በሚስማር በሳሳነው፤ ከላዩ ላይ ድስት ይቀመጥበታል። ከነሁለመናዋ ከመቀሴ ትቀልላለች። ደስታነሽ የተጠመቀውን አንዴ አውጥታ እንደገና ያወጣችውን፣ ዳግም አረቄ የሚሉትን፣ አንድ ሁለት መለኪያ አፈሰስንባት። ውሃ ለማፍላት ጊዜ ትፈጃለች፤ የበሰለ አጥሚት ለማሞቅ ግን ትበቃለች። ነበልባሏ አይጮህም፣ አያጨስም፣ ጥላሸት የላትም።

ባሌ ሲመጣ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩለት። «ይቺ ደግሞ ማናት?» አለ።

«አረቄ ጠጪ ናት» አልኩት። «ሲሰጡህ አንተ አትጠጣ፣ ለሷ ስጣት። እምቢ አላልክም፣ ተቀብለሃል። አጥሚትህም የሞቀው በእነሱ አረቄ ስለሆነ ከቤታቸው በላህ ማለት ነው።»

አገላብጦ አያት። ከዚያ ሳቀ። ከታመመ ጀምሮ እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

መጀመሪያ ይዟት የገባው ገዳሙ የሚባል ገበሬ ቤት ነው። የገዳሙ ሚስት በአረቄዋ የታወቀች ናት። መለኪያውን ስታቀርብለት እንዳላማው ምድጃዋን ከቦርሳው አወጣና «የእኔን ድርሻ ይቺ ትጠጣልኛለች። ግን ጎበዝ አረቄ ካልሆነ አትቀበልም» አላት። ሴትየዋ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «የእኔን አረቄ? አምጣው ክብሪቱን» አለች። ነደደ። አጥሚቱ ሞቀ። ሴትየዋ ጎረቤቶቿን ጠርታ አሳየቻቸው። ባሌ አጥሚቱን ጠጥቶ፣ ተመርቆ ወጣ። ቤት መጥቶ ይሄን ሲነግረኝ ቆሞ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ሴትየዋን መስሎ ነው።

ወሬው ከእሱ ሞተር ቀድሞ መንደር ለመንደር ሄደ። የዶክተሩ ምድጃ የሴቶቹ መፈተኛ ሆነች። የማን አረቄ አጥሚቱን ቶሎ አሞቀ፣ የማን ነበልባል ከፍ አለ፣ ይባባላሉ። ባሌ ወዛ። ጥጃ ሲወለድ እንደገና ይደወልለት ጀመር፤ አንዴ እኔም ጆሮ ላይ አድርጎልኝ ሰማሁ። እንደ ሞኝ ለጥጃ «እንኳን ደስ ያለህ» አልኩት።

ግን አንድ ቀን ተክዞ መጣ። አንዲት ሴት ቤት ሰው ተሰብስቦ እያየ ክብሪቱን ቢጭር አረቄዋ አልነድ አለ። ደግሞ ጫረ፣ አልነድ አለ። የተሰበሰበው ሰው ሳቀ፤ ወዲያው «ውሃ ሻጯ» የሚል ስም ወጣላት፤ ሴትየዋም ጓዳ ገብታ አለቀሰች። «እኔ ነኝ ያሳፈርኳት» እያለ እህል አልወርድ አለው። «ከእንግዲህ ሽታውን ሳላውቅ አልለኩስም» አለኝ።

«ይሁን» አልኩት። «ታዲያ የማይነድ መሆኑን በሽታው ስታውቅ ያንን አረቄ ምን ታደርገዋለህ?»

የሞተሩን ሰንሰለት ዘይት ልቀባ ብሎ ወጣ። ሰንሰለቱ ጠዋት ተቀብቷል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ልቤ አላረፈም። ምሽት ሲገባ አረቄ አረቄ ይሸታል፤ የምድጃዋ ነው ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። አንዳንድ ቀን እራቱን ሲበላ ጎኑን ይዞ ጎንበስ ይላል፤ ሳየው እጁን ያወርዳል። ባሌን አምነዋለሁ። ይሉኝታውን ግን አላምነውም። አንድ ጠዋት ከይጁቤ መንገድ ገባ ካለ መንደር ሲደወልለት ሱቄን ቆልፌ «እኔም እሄዳለሁ» አልኩት። «ምን ልታደርጊ?» አለ። «አየር ልቀበል» አልኩት። አየር እዚህም ሞልቷል፣ እሱም ያውቃል፤ ግን እምቢ ማለት አይችልም።

ከኋላው ተቀምጬ ወገቡን አቅፌ ሄድኩ። ጎድን አጥንቱ በጃኬቱ ላይ ይቆጠራል። እሱ ግን እንደዚያን ቀን ደስ ብሎት አላየሁም። በየመንገዱ ሞተሯን ቀዝቀዝ እያደረገ ከብቶቹን በጣቱ ያሳየኛል፤ «ያቺ ቦቃዋ የኔ ናት፣ ያ ወይፈን የኔ ነው፣ የዚህኛዋ እናት ወተቷ የጉድ ነው።» አባት የልጆቹን ነገር ሲያወራ እንዲህ ነው። ይሄን ከእሱ ላይ የሚወስድ ሰው ጨካኝ ነው፣ እኔም ብሆን፣ ብዬ አሰብኩ።

የጠሩት እማማ ማሬ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ያለቻቸው አንዲት ላም ናት። ባለፈው ተዳቅላ አልያዘችም፤ ይቺን ዙር ከሳተች ዓመቱ ያለ ወተት ሊያልፍ ነው። እንዳላማው ጆሮዋ ሥር እያንሾካሾከ፣ ጀርባዋን እያሻሸ፣ ሥራውን ጨረሰ። እጁን ሲታጠብ እማማ ማሬ ውሃውን እያፈሰሱለት «ግቡ እንጂ፣ ከነባለቤትህ» አሉ። ገባን።

እኛ ስንቀመጥ የጎረቤት ሴቶች አንድ ሁለት እያሉ ገቡና መደቡን ሞሉት። የመጡት ምድጃዋን ለማየት ነው። እማማ ማሬ ከጓዳ ጠርሙስ ይዘው ወጡ፤ በነጠላቸው ጫፍ አብሰው መለኪያውን ሞሉና በሁለት እጃቸው ሰጡት። «የእጄ ነው» አሉ። እሱ ተቀብሎ ወደ አፍንጫው ጠጋ አደረገው። አጠገቡ ስለነበርኩ እኔም ሸተተኝ። የደስታነሽ ጎረቤት ነኝ፣ አልሳሳትም። መጨረሻ ላይ የሚወርደው፣ ውሃ ውሃ የሚለው ነው። ጎበዙን ሸጠው፣ ለእንግዳ ይሄን አስቀርተዋል።

«ዶክተር፣ ለኩሳታ» አለች አንዷ። «የእማማን ደግሞ እንይላቸው።»

እንዳላማው ምድጃዋን ቦርሳው ውስጥ እንዳለች በእግሩ ወደ ኋላ ገፋት። «ዛሬ ጠጪዬ ደክሟታል» አለ እየሳቀ። «ዛሬ የሷን እኔ ነኝ የምጠጣላት።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የማይነደውን የሚያደርገው ይሄን ነው። ይጠጣዋል። አሮጊቶችን ላለማሳፈር፣ በየመንደሩ ውሃ ውሃ የሚለውን አረቄ ቁስሉ ላይ ሲያፈስ ነው የከረመው።

የእማማ ማሬ ፊት በራ። «ጎሽ ልጄ፣ ጨልጣት» አሉ። «በሞቴ።»

መለኪያውን አነሳ። አፌን ከፈትኩ። እኔ የኔአለም፣ ባለሱቁን፣ ደንበኛውን፣ ባሌን ስናገር የኖርኩት፣ አፌን ከፈትኩና ቃል ጠፋኝ። አይጠጣም ብል ሴቶቹ ለኩሰው ይላሉ፤ ከለኮሰው አይነድም፤ ካልነደደ እኚህ ሴትዮ በገዛ ቤታቸው መሳቂያ ይሆናሉ። ሁለት እጃቸውን አየሁ፣ ዝም አልኩ። ባሌ እየሞተ ነው፣ እኔ ግን ይሉኝታ ይዞኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

መለኪያው ከንፈሩ ሲደርስ በላዩ ላይ ዓይኑ ዓይኔን አገኘው። ምን እንዳየ አላውቅም። እጁ ቆመ። ቀስ ብሎ መለኪያውን ጉልበቱ ላይ አወረደው።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ። ድምፁ አይሰማም ማለት ይቻላል። «ሆዴ ውስጥ ቁስል አለ። ባለፈው ዓመት ደም አስመልሶኝ ነበር። ሐኪሙ አንዲት መለኪያ ትበቃሃለች ብሎኛል። እርስዎን ላለማስቀየም ብዬ ነው እንጂ… አልችልም።»

እማማ ማሬ ተነሱ። መለኪያውን ከእጁ ወሰዱና አረቄውን መሬት ላይ ደፉት።

«እኔ በሞቴ ስልህ በራሴ ሞት ነው» አሉት። «በአንተ ሞት መቼ አልኩህ?»

ከዚያ አጠገቡ ቁጭ ብለው እጃቸውን በጃኬቱ ላይ ሆዱ ላይ አደረጉ። «የቱ ጋ ነው?» አሉት። እሱ እንደ ልጅ አሳያቸው። እማማ ማሬ ወደ ሴቶቹ ዞረው «ሂዱና በየቤታችሁ ንገሩ፣ ለዚህ ልጅ ከዛሬ ጀምሮ አረቄ የሚያቀርብ የለም» አሉ። አጥሚቱን ከቦርሳው አስወጡት፣ በራሳቸው ድስት ገለበጡት፣ ከራሳቸው ጉልቻ ላይ ጣዱት።

እሳቱ ተዳፍኖ ነበር። እማማ ማሬ ጭራሮ እየጨመሩ ወደ እኔ ዞሩና ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«አንቺ ሚስቱ ነሽ አይደል?» አሉ። «አፍ የለሽም?»

ጉልቻው አጠገብ ተንበርክኬ እያለቀስኩ እሳቱን እፍ አልኩ።